ማሽኑ እትዬ ዘነበችን እምቢ ያለ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ የተከፈተ አዲስ ካፌ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ፣ ከኬኩ መስታወት አጠገብ፣ የድሮ ታይፕ አስቀምጠዋል። ለጌጥ ነው። ተወልውሎ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ወረቀት የሚገባበት ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል። ቆነጃጅቱ በተራ በተራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ዘርግተው ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ ወደ ጓደኛዋ ዞራ «ስክሪኑ ግን የት ሄደ?» አለቻት። ማኪያቶው ትን አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ያ የሪባን ቀለምና የማሽን ዘይት ሽታ አሁንም አለቀቀውም። አስተናጋጇ ታይፕ የሚያሸት ጎልማሳ አይታ ስለማታውቅ መሰለኝ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። «እንደኔ ደህና ሰው ቦንጋ ውስጥ የለም» አልኳት። ይሄ ጉራ አይደለም፣ መረጃ ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሌላ ዘመን ውስጥ ገባሁ።

ያ ዘመን እኔ ቀጭን የነበርኩበት ዘመን ነው። አሁን ሆዴን የሚያይ ሰው አያምነኝም፣ ግን ፎቶ አለኝ። ከታች የሰፋ ጂንስ እለብስ ነበር፤ ሌላ ከተማ ያሉ ጎረምሶች አስፋልት የሚጠርጉበትን ሱሪ እኛ እዚህ ጭቃ እንጠርግበት ነበር። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ነው የሚገባው። ሰው ጃንጥላ የሚገዛው እንደ ጫማ፣ ሳያማርጥ ነበር። ሻይ በሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በሳንቲም፣ ወሬው በነፃ። ቁልቁለቱ ጥግ ላይ የካሴት ሱቅ ነበረች፤ ስፒከሩን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱን ዘፈን ሲደጋግም ይውላል፣ እኛም ሳንገዛው በቃላችን ያዝነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ አለ። እሱም ስፒከር አዙሯል። ጥጉ ነው መሰለኝ የሚያስጮኸው።

ከካሴት ሱቋ ቀጥሎ የጋሽ ከድር ሱቅ ነበረች። ጋሽ ከድር ከወሎ መጥተው እኛጋ የከተሙ ነጋዴ ናቸው፤ የከፋውን ቋንቋ ካፍኖኖውን ከኔ በላይ ያቀላጥፉታል፣ ሲናደዱ ግን ወደ ወሎኛቸው ይመለሳሉ። ያረጀ መጽሐፍ በኪሎ ይገዙና ገጹን እየገነጠሉ ስኳርና ቅመም ይጠቀልሉበታል። አንድ ቀን ስኳር ልገዛ ሄጄ ሊቀድዱት ያሉትን ወረቀት ሳየው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ላዩ ላይ ኮምፒውተር አለበት።

«ጋሽ ከድር፣ እሱን አይቅደዱት!» አልኩ።

«ስኳሩን በመዳፍህ ልትይዘው ነው?»

«በላስቲክ ያድርጉልኝ። መጽሐፉን ይስጡኝ።»

«ግማሹ ሄዷል ልጄ። ግማሹን የቦንጋ ሰው ከነስኳሩ ወስዶታል» አሉና የቀረውን ሰጡኝ።

የጃቫ ፕሮግራም መጽሐፍ ነበር። መጀመሪያው የለም። ሰው ሁሉ ይህን ቋንቋ ከሀሁ ይጀምራል፤ እኔ ታምራት፣ አስተማሪ የሌለኝ፣ የጀመርኩት ከመሃል ነው። የቀረልኝ የመጀመሪያው ምዕራፍ አንዱን የዳታ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ስለመቀየር የሚያወራው ነበር። ምን እንደሚቀየር ሳላውቅ እንዴት እንደሚቀየር አወቅሁ። ኮሌጅ የገቡት ጓደኞቼ እዚያ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ እኔ ግን የተወለድኩት እዚያ ውስጥ ነው። አሁንም ኮምፒውተር ተምረው የተመረቁ ልጆች ሲቸግራቸው ወደኔ ይመጣሉ። አላኮርፍባቸውም፤ ሻይ ካዘዙልኝ አስረዳለሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ማንኛውም ነገር የሚቀመጥበት ዕቃ አለው፣ ዕቃው ደግሞ ዓይነት አለው። ኢንት የሚሉት ብርጭቆ ነው በለው፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ደብል የሚሉት ጀሪካን ነው፣ ከነፍርፋሪው፣ ከነነጥቡ ይይዛል። ከብርጭቆ ወደ ጀሪካን ብትገለብጥ ማንም አይጠይቅህም። ከጀሪካን ወደ ብርጭቆ ልገልብጥ ካልክ ግን ማሽኑ «ይፈሳል፣ አውቀህ ነው?» ይልሃል። አውቄ ነው ብለህ ትጽፍለታለህ፣ ካስቲንግ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ምንም አያዝንልህም፤ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ብትሰጠው ሦስት አድርጎ ይቆርጠዋል። የገበያ ሴቶቻችን ማር ሲሸጡልህ ከልኩ በላይ ምርቃት ጣል ያደርጉልሃል። ማሽን ምርቃት የሚባል ነገር አያውቅም። ጽሑፍን ወደ ቁጥር መቀየር ደግሞ ሌላ ነው፣ መገልበጥ አይደለም። እሱ እንደ እሸት ቡና መፈልፈያ ነው፤ ፍሬ እስከሰጠኸው ድረስ ይፈለፍላል፣ መሃል ላይ አንዲት ጠጠር ከገባች ቀጥ ነው። ለምን ትቀይረዋለህ ካልከኝ፣ ጽሑፍ አይደመርማ! አርባ ብለህ በጽሑፍ ያስቀመጥከው ላይ አምስትን በጽሑፍ ስትጨምር ይቀጥለዋል፣ አራት መቶ አምስት ይሆናል። በዚያ ሂሳብ የቦንጋ ሰው ሁሉ የማቱሳላ ዘመድ ይሆናል።

በዚህ ዕውቀቴ ነው እንግዲህ አንድ መስሪያ ቤት የጠራኝ። ስሙን ተዉት። ኮምፒውተሮች መጥተውለት ነበር፤ ከነካርቶናቸው አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ከርመው በመጨረሻ ወጡ። ኃላፊው አቶ ተረፈ፣ ክራቫታቸውን በዝናብም የማያወልቁ ሰው፣ «የሠራተኛውን ፋይል ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ፕሮግራም ትሠራልኛለህ?» አሉኝ። «ተሠርቶ አልቋል ይበሉ» አልኳቸው። ሳልጀምረው ነው፣ ግን ሠራሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ መደብ ታስገባለህ፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ወደ ቁጥር ቀይሮ ጡረታ ስንት ዓመት እንደቀረህ ይነግርሃል። ያኔ የአማርኛን ፊደል ከፕሮግራም ጋር ማስታረቅ ራስ ምታት ስለነበር ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምናስገባው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ደግሞ ለግርማ ሞገስ ብዬ የታይፕ መልክ ያለውን መረጥኩለት። ሲያምር!

አቶ ተረፈ ስብሰባ ጠርተው አንድ ነገር አስታወቁ። ታይፒስቶቹ በሙሉ አርብ ዕለት በኮምፒውተሩ ይፈተናሉ፤ ያለፈች እዚሁ ትቀራለች፣ የወደቀች ሩቅ ደካ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ትመደባለች። ደካ ጥሩ አገር ነው፣ ሰዉም ደግ ነው። ግን መንገዱ በክረምት ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቃል። በጃቫም አንድን ዕቃ በግድ የሌላ ዓይነት ነው ብለህ ስም ብታወጣለት ያልፍልሃል፤ ሥራ ሲጀምር ግን ፕሮግራሙ ይወድቃል። ታይፒስትን ግምጃ ቤት ስታስገባም ያው ነው። ለአቶ ተረፈ ይህን ባስረዳቸው «የመንግሥት ሥራ ነው፣ ጨዋታ አታብዛ» አሉኝ።

ታይፒስቶቹ ውስጥ እትዬ ዘነበች አሉ። የቦንጋ ሰው ሆኖ እትዬ ዘነበች ማመልከቻ ያልመቱለት የለም። ሰማያዊ የእጅ ሥራ ሹራብ፣ ነጭ ሻሽ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ። ከመንገድ ማዶ ቆመህ ታይፑ ሲንጣጣ ብቻ እሳቸው መሆናቸውን ታውቃለህ። ወረቀቱን ሳይሆን አንተን እያዩ፣ ወሬ እየጠየቁህ፣ አንድ ስህተት ሳይኖርበት ገጹን ይጨርሱታል። ምላሳቸውም እንደ ጣታቸው ነው። ባለቤታቸው ጋሽ አሰፋ ግን ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ ሰውነታቸው አይታዘዝም፤ ሆስፒታል በየሳምንቱ ደግፈው የሚወስዷቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ሌላ ሰው የላቸውም። ደካ ቢመደቡ ጋሽ አሰፋን ትተው አይሄዱም፣ ይዘውም አይሄዱም። ይህን መስሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ማንም ደፍሮ አያነሳውም።

ልምምዱ ተጀመረ። እኔ እጄን ወደኋላ አጣምሬ እንደ ፋብሪካ ባለቤት እየተንጎራደድኩ ነው።

«አንተ ታምራት!»

«አቤት እትዬ።»

«ይሄ ያንተ ልጅ ‹ቁጥር አስገባ› እያለ በቀይ ይሳደባል።»

«ቁጥር ያስገቡለታ።»

«ቁጥር አይደል እንዴ ያስገባሁት? አርባ አንድ! አርባ አንድ ቁጥር ካልሆነ ምንድነው፣ ጎመን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አርባ አንድ ነው። ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። «እስቲ ያጥፉትና ድጋሚ ይጻፉት» አልኩ። ጻፉት። ቀይ። እኔ አጥፍቼ ጻፍኩት፤ አለፈ።

«አየህ? ለጌታው ይታዘዛል። እኔ ላይ ነው የሚጠምብኝ» አሉ።

የሚገርመው አንዳንዱ ያልፍላቸዋል። ሠላሳ ስድስት ሲጽፉ ምንም አይል፤ ሠላሳ ሲጽፉ እምቢ። ሃምሳ ሁለትን ይቀበላል፣ ሃምሳን ይመልሳል። ቦታ አቀያየርናቸው። ሰናይት የምትባል ልጅ እግር ታይፒስት እሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ያለ ችግር ሠራች። እትዬ ዘነበች የሰናይት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቀዩ ተከትሏቸው ሄደ። ከዚያማ መስሪያ ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አቶ ተረፈ «ቫይረስ ነው» አሉ። ሰናይት «ሞላ ያለ ዕድሜ አይወድም» አለች። ጥበቃው ጠበል ይረጭ አለ፤ ሂሳብ ሹሙ ደግሞ ጴንጤ ነው፣ ጠበሉን ተዉትና እጃችንን ጭነን እንጸልይ አለ። «ማን ላይ ነው የምትጭኑት? እኔ ላይ ነው ማሽኑ ላይ?» ብለው እትዬ ዘነበች ሲጠይቁት እጁን ኪሱ ከተተ። ስቀናል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሲወለውሉ ቆዩ፣ የጠራ መነጽር ነበር።

አርብ ሊደርስ ነው። የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት ልምምድ ላይ እንዳለን መብራት ድርግም አለ። በዚያ ዘመን መብራት ከኛ ጋር የሚኖረው እንደ ሩቅ ዘመድ፣ ብቅ እያለ ነበር። ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እትዬ ዘነበች አልወጡም። የጠፋው ማሽን ፊት ተቀምጠው መምታት ቀጠሉ።

«እትዬ፣ መብራት የለም'ኮ።»

«ጣቴ መብራት ምን ያደርግለታል? አንተ ዝም ብለህ ዕድሜ ጥራልኝ፣ ልለማመድ።»

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ሠላሳ ስድስት» አልኩ፤ ጣቶቻቸው ወደ ላይኛው ረድፍ ሄደው መጡ። «አርባ አንድ» አልኩ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ የማየው ነገር ስላጣሁ እጃቸውን አየሁ። አራትን ከላይ መቱ። አንድን ሊመቱ ግን እጃቸው ወደ ላይ አልወጣም። የቀኝ እጃቸው የቀለበት ጣት እዚያው መሃል ላይ ጠብ አለ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። «እስቲ አንድን ብቻ ይምቱልኝ።» መቱ። «ይሄ'ኮ የእንግሊዝኛው ኤል ነው!»

«ታዲያ አንድ በምን ይመታል?»

«በአንድ ነዋ! ይኸው እላይ አለ!»

እትዬ ዘነበች እንደ ሞኝ አዩኝ። ተነስተው ጥግ ላይ የተቀመጠውን ታይፓቸውን ሽፋን ገለጡ። «ና ቁጠር» አሉኝ። የቁጥሩ ረድፍ የሚጀምረው ከሁለት ነው። አንድ የሚባል ቁልፍ የለውም። ዜሮም የለውም። እንግሊዝኛውን ታይፕ የተማሩት በዚያ ነው፤ ትንሿ ኤል አንድ ትሆናለች፣ ትልቁ ኦ ዜሮ ይሆናል፣ ወረቀት ላይ ማን ይለየዋል? ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ታይፕ የመቷቸው ቁጥሮች ውስጥ ያለ አንድ ሁሉ ኤል ነው። የደመወዝ ጭማሪያችን፣ የዓመት ፈቃዳችን፣ ሁሉም። ማንም አልተጎዳም፣ የሚያነበው ሰው ነበራ። የኔ ፕሮግራም ግን ፍሬ ሲጠብቅ ጠጠር እያገኘ ቀጥ ሲል ኖሯል። እኔ ደግሞ ለግርማ ሞገስ ብዬ ያመጣሁት ፊደል ሁለቱን መንታ አስመስሏቸዋል። መንታዎቹን የለየሁት ግን እኔ ነኝ፣ ያለ መብራት! ይህን ሌላ ማን ይሠራዋል?

መብራቱ ሲመጣ ከላይኛው ቁልፍ እንለማመድ አልን። አልሆነም። አንድ ሲመጣ ጣታቸው ቀድሟቸው ይወርዳል። ሲይዙት ደግሞ መላ እጃቸው ይደናበራል፣ ያ ዝናብ የመሰለ ምት እህል እንደምትለቅም ዶሮ ቆም ቆም አለ። ጥቂት ሞከሩና እጃቸውን ሰብስበው ከሹራባቸው ስር አስገቡ።

«ታምራት» አሉኝ፣ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ፤ «አሰፋን በዚያ መንገድ በምን አድርጌ ነው የምወስደው?»

ተነስቼ ወደ አቶ ተረፈ ቢሮ ሄድኩ።

«ነገሩን አገኘሁት» ብዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። «ጣታቸውን ማስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ፕሮግራሙን ላስተካክለው። ዕድሜ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ወደ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት፣ ኤሉን አንድ ኦውን ዜሮ አድርጎ ይውሰደው።»

«ማሽን ለሰው ይጎነበሳል እንዴ?»

«ለማን ሊጎነበስ ነው ታዲያ፣ ለማሽን?»

«ለአንድ ሰው ተብሎ የተለየ ፕሮግራም አድልዎ ነው፣ ታምራት።»

«ለሁሉም ነው አቶ ተረፈ። ሰናይትም ብትሳሳት ያርምላታል። ዕድሜ ቦታ ላይ ኤል የሚጽፍ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ዕድሜዬ ኤል ነው የሚል ሠራተኛ አለዎት?»

አቶ ተረፈ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ደንብ የሚወዱ እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ከገባው ፋይል ላይ የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ ተዛብቶ ባገኝ፣ እሳቸው ደካ ይሄዳሉ፣ አንተም ፕሮግራምህን ይዘህ ትወጣለህ።»

«ተዛብቶ ካገኙ እኔ ራሴ ተሸክሜያቸው ደካ እሄዳለሁ» አልኩ። ስወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።

የጻፍኩት ነገር አጭር ነው። ዛሬ ለልጆቹ ሳሳያቸው «ይሄ ብቻ?» ይላሉ። አዎ፣ ይሄ ብቻ። ከዚያ በኋላ ለስንቱ ድርጅት ስንት ነገር ጽፌያለሁ፣ ቢታ ገነትና ሺሺንዳ ከተማ ድረስ፣ እንዲያ የምኮራበት ግን የለም።

አርብ ዕለት እትዬ ዘነበች ነጩን ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው መጡ። አቶ ተረፈ ፋይሎቹን አከፋፈሉ፣ «ጀምሩ» አሉ። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ጸጥታ ነበር፣ ከዚያ ያ ምት መጣ። የኮምፒውተር ቁልፍ እንደ ታይፕ አይጮህም፤ የሳቸው ግን ጮኸ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀይ ጽሑፍ እየጠበቅሁ ጥፍሬን እበላለሁ። አልመጣም። አርባ አንዱም አለፈ፣ ሠላሳውም አለፈ፣ ሃምሳውም። ሰናይት ግማሹ ላይ ሳትደርስ እትዬ ዘነበች ጨርሰው ዞሩና «ታምራት፣ ያ ልጅህ ዛሬ ጨዋ ሆኗል። ምን አበላኸው?» አሉኝ።

አቶ ተረፈ ግን አልሳቁም። እትዬ ዘነበች ያስገቡትን በፕሪንተር አስወጡና ሰናይትን ዋናውን ፋይል እንድታነብ አዘዟት። እሷ ታነባለች፣ እሳቸው በእርሳስ ይነካሉ። «አርባ አንድ።» «አርባ አንድ።» «ሃምሳ።» «ሃምሳ።» የዚያ የፕሪንተር ወረቀት ርዝመቱ! እትዬ ዘነበች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮቱን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። የመጨረሻው ወረቀት ላይ ሲደርሱ አቶ ተረፈ እርሳሱን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አነሱ። «እትዬ ዘነበች» አሉ፣ «ሰኞ በሰዓትዎ ይግቡ።»

ቤታቸው እስክንደርስ አብሬያቸው ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ እኔ ነኝ ያወራሁት፤ እንዴት እንዳገኘሁት፣ እንዴት እንደጻፍኩት፣ አቶ ተረፈን እንዴት አፋቸውን እንዳስያዝኳቸው። እሳቸው «እሺ፣ ሰማን» እያሉ ጃንጥላቸውን ወደኔ ያዘነብላሉ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ተከትዬ ገባሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

ቤቱ ባዶ ነው። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ድስትና ሳህኑ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ አፉ ተሰፍቷል። መጋረጃው ወርዷል። ትናንት ማታ መሆን አለበት ለደካ መንገድ ያሰሩት፤ እኔን ሲተርቡኝ ውለው፣ መጥተው ብቻቸውን ያሰሩት። መሃል ላይ በቀረችው አንዲት ወንበር ጋሽ አሰፋ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«መኪናው መጣ?» አሉ፣ በዚያ በሚጎተተው ድምፃቸው።

«የምን መኪና?» አሉ እትዬ ዘነበች። ጎንበስ ብለው የካፖርቱን ቁልፍ ከላይ ጀምረው መፍታት ያዙ። «የትም አንሄድም። ዝናብ ነው፣ ሰኞ ሥራ አለብኝ። ክንድህን ስጠኝ፣ አይደለም፣ መጀመሪያ የማይታዘዘውን።»

ጋሽ አሰፋ አዩዋቸው። ከዚያ እኔን አዩኝ። ግማሽ ፊታቸው ሳቀ።

እኔ አሁንም በሩ ላይ ነኝ፣ አፌ ተከፍቶ።

«አንተ ደግሞ ምን ተገትረህ ታያለህ?» አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ፍራሹን ፍታው እንጂ፤ ሰውዬው ደክሞታል።»

ተንበረከክሁ። የጠበቀ ቋጠሮ ነበር። በጥርሴ ፈታሁት።